በ9 ሰዓት ማን ይጀምራል፣ ማን ያቆማል? የጾም ሰዓት፣ ኢንሱሊንና የፒሲኦኤስ ታሪክ

ያለፈውን ሁዳዴ ጥቂት ቀን ኮሶዬ፣ አያቴ ቤት አሳለፍኩ። ኮሶዬን ለማታውቁ፦ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ፣ ሜዳው በድንገት አልቆ ገደል የሚሆንበት ቦታ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ አፋፉ ላይ ሣር ይነጫል፣ ገብስ ከጓሮ ጀምሮ ይዘራል፣ ጀምበር ስትጠልቅ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል።

የአክስቴ ልጅም ከጎንደር መጥታ ነበር። ቡና እየተፈላ ሳለ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ አያታችን እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ ኢንጂነር አይደለሽ? እስኪ ይኼን ሒሳብ ሥሪልኝ። ፒሲኦኤስ አለብሽ ከተባልኩ ሦስት ዓመቴ ነው። 16 ሰዓት ምግብ ሳትቀምሺ ከዋልሽ የወር አበባሽ ይስተካከላል ይላሉ። እኔ ሁዳዴን ሙሉ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ከ16 ሰዓት ያልፋል። ታዲያ ለምን አልተስተካከለልኝም?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። ሕክምና አልተማርኩም፤ የማውቀው መለካትና ማነጻጸር ነው። ስለዚህ ሁለቱን ታሪኮች፣ የጾማችንን ሰዓትና የዚህን ሕመም፣ ጎን ለጎን አስቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እናንተም ብታውቁት ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። በተለይ «ፈረንጆች ዛሬ የደረሱበትን እናቶቻችን ድሮ ያውቁት ነበር» የሚለውን አባባል ሰምታችሁ ራሳችሁን ለነቀነቃችሁ። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ችግሩ ያለው በቀረው ግማሽ ነው።

ጥላን በእግር መለካት

መጀመሪያ የእኛን እንይ። የእጅ ሰዓት ባልነበረበት ዘመን «9 ሰዓት ደርሷል» የሚባለው በምን ታውቆ ነው? በጥላ ነው። ሰው ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የጥላው ጫፍ ያረፈበትን ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ በገዛ እግሩ እየረገጠ ይቆጥራል። አያቴ በልጅነቷ የደብሩ ቄስ እንዲህ ሲለኩ አይታለች።

ሒሳቡን ሠራሁት። ኮሶዬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ማለትም መጋቢት 12 አካባቢ፣ በፀሐይ አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአድማስ 44 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚያች ሰዓት የሰው ጥላ ከራሱ ቁመት ጋር ሊተካከል ምንም አይቀረውም። የሰው እግር ደግሞ የቁመቱን አንድ ሰባተኛ ያህል ስለሚሆን፣ ጥላው ወደ 7 እግር ይመጣል። በገና ጾም፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ያው 9 ሰዓት ወደ 11 እግር ይረዝማል። ለዚህ ነው ሊቃውንቱ የጥላውን ልክ በየወሩ ለይተው በብራና የጻፉት። አያችሁ፣ ይህ የግምት ነገር አይደለም፤ ወቅትን ያገናዘበ መለኪያ ነው።

ሕጉም እንደዚያው ጥብቅ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በዓረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ 15ኛውን አንቀጽ ለጾም ሰጥቶታል። ጾምን የሚተረጉመው በምግቡ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ በሕግ በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል ነው ይላል ሐሳቡ። ጊዜ የሚለው ቃል ትርጉሙ ውስጥ ገብቷል። ዓላማው ግን ክብደት ወይም ስኳር አይደለም፤ ንስሐና ፈቃደ ሥጋን መግዛት ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ አገር የጾም ጊዜ ተራ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን የሮምን ሥርዓት ሊተክሉ ሲሞክሩ፣ ካጣሉ ነገሮች አንዱ የጾም ቀን ነበር፤ ረቡዕ ወይስ ቅዳሜ? ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 እ.ኤ.አ. ንጉሡ የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ። ልጃቸው አፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን መሠረቱ። ከተማዋ የቆመችው ሕዝቡ «የምጾምበትን ቀን አትንኩብኝ» ብሎ በተሟገተ ማግስት ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ቁጥሩን እናስቀምጥ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ከዚህ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ፣ ከቀዳም ስዑር በቀር፣ የሰዓት ጾም የለም፤ ጥሉላት አይበላም እንጂ ጠዋት ይበላል። ስለዚህ እስከ 9 ሰዓት የሚጾመው 41 ቀን ገደማ ነው። በዓመት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ፣ ገና፣ ነነዌ፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ ተደምረው ለምእመናን ወደ 180 ቀን፣ ለካህናትና ለመነኮሳት እስከ 250 ቀን ይደርሳል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም አይጾሙም። እንደ ኢንጂነር ሳየው ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ነገር ነው፤ ለሳምንታት ይበራል፣ ለሳምንታት ይጠፋል።

ስሙ ያሳሳተው ሕመም

ወደ ሁለተኛው ታሪክ እንሂድ። በጎንደር አፄ በካፋ በነገሡበት በ1721 እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው ሐኪም አንቶኒዮ ቫሊስኔሪ፣ ልጅ መውለድ ያልቻለች አንዲት ወጣት የገበሬ ሚስት እንቁልጢዎች ከተለመደው ተልቀው፣ ነጣ ብለውና ጎርበጥበጥ ብለው እንደ ርግብ እንቁላል እንደሚመስሉ ጻፈ። እንቁልጢ የምንለው ኦቫሪን ነው፤ በሴት ማሕፀን ግራና ቀኝ ያለውን፣ እንቁላል የሚያዘጋጀውን አካል።

ከ200 ዓመት በኋላ፣ በ1935፣ የቺካጎ ሐኪሞች ኧርቪንግ ስታይንና ማይክል ሌቨንታል የሰባት ሴቶችን ታሪክ አሳተሙ። የወር አበባቸው ይዘገያል ወይም ይጠፋል፣ አንዳንዶቹ ፊታቸው ላይ ፀጉር አብቅለዋል፣ እንቁልጢያቸው ተልቋል። ሐኪሞቹ ከእንቁልጢው ጥቂት ቆርጠው አወጡ። የሁሉም የወር አበባ ተመለሰ፣ ሁለቱም አረገዙ። በዚህ የተነሳ ዓለም ለረጅም ጊዜ ሕመሙን የእንቁልጢ ብቻ አድርጎ አየው። ስሙም ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ «ብዙ ከረጢት ያለበት እንቁልጢ» ተባለ። ስሙ ያሳስታል። በአልትራሳውንድ የሚታዩት እውነተኛ ዕጢዎች ወይም የፈሳሽ ከረጢቶች አይደሉም፤ እድገታቸው መንገድ ላይ የቆመ የእንቁላል ፍሬዎች ናቸው። የአክስቴ ልጅ «ዕጢ አለብሽ» ተብላ ስንት ሌሊት ሳትተኛ እንዳደረች ባወቁ!

ፍንጩ ግን ቀደም ብሎ ነበር። በ1921 ፈረንሳዮቹ አሻርና ቲዬር ፂም ያበቀሉና ስኳር ያለባቸው ሴቶችን አስተውለው ጽፈዋል። እስከ 1980 ግን ብዙ የሰማቸው አልነበረም። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ ፒሲኦኤስ ባለባቸው ሴቶች ደም ውስጥ ኢንሱሊን ከፍ ብሎ እንደሚገኝና ከወንዴ ሆርሞኖች መጠን ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ የእንቁልጢ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ ጆሮው የከበደ አያት አለ እንበል። ካልጮኹለት አይሰማም፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ ይጮኻል። እዚያው ጎን የተኛው ሕፃን ግን ጆሮው ደህና ነው፤ በጩኸቱ ይባንናል። አያቱ ጡንቻና ጉበት ናቸው፤ ኢንሱሊን «ስኳሩን አስገቡ» ሲላቸው በደንብ አይሰሙም። ከጨጓራ ጀርባ ያለው ቆሽት ደግሞ ኢንሱሊን እያበዛ ይጮኻል። ሕፃኑ እንቁልጢ ነው። ኢንሱሊኑን አጥርቶ ስለሚሰማ ቴስቶስትሮን አብዝቶ ያመርታል፣ የእንቁላሉ እድገት ይደናቀፋል። በዚያ ላይ የበዛው ኢንሱሊን ጉበት ቴስቶስትሮንን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን እንዲቀንስ ያደርገዋል። ሁሉም ሴት ላይ በእኩል መጠን አይሆንም፤ ብዙዎቹ ላይ ግን ዋናው ዑደት ይህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት ይህ ሕመም አለባቸው፤ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ እንዳለባቸው አያውቁም። በእኛ አገር ያለማወቁ ዋጋ ከባድ ነው። ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ሴቷ ላይ ነው፤ «መካን» የሚለው ቃል ትዳር ያፈርሳል። ይህ ሕመም ግን መካንነት ማለት አይደለም። እንቁላሉ አለ፤ የጎደለው ጊዜውን ጠብቆ መውጣቱ ነው፣ እሱም በሕክምና ይረዳል።

ሰዓቱ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች

ጩኸቱን እንዴት ዝቅ እናድርገው? አንዱ ሐሳብ ኢንሱሊን የሚያርፍበትን ሰዓት ማስረዘም ነው፤ ስንበላ ከፍ ይላል፣ ሳንበላ ስንቆይ ይወርዳል። በ2012 በካሊፎርኒያ ሳልክ ተቋም የሳቺን ፓንዳ ቡድን ለአይጦች ያንኑ ቅባት የበዛበት ምግብ ሰጠ። አንዱ ወገን ቀን ከሌት ይበላል፣ ሌላው በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ብቻ። የበሉት ካሎሪ ተመሳሳይ ሲሆን፣ በሰዓት የተገደቡት ከውፍረትና ከስኳር መዛባት በእጅጉ ተጠበቁ።

በሰው ላይ የማልረሳው የ2018ቱ ሙከራ ነው። በአላባማ የኮርትኒ ፒተርሰን ቡድን ስኳር ሊጀምራቸው የተቃረቡ ስምንት ወንዶችን ለአምስት ሳምንት በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ብቻ አበላቸው። ክብደታቸው እንዳይቀንስ ሆን ተብሎ ነው የተመገቡት። ያም ሆኖ ኢንሱሊናቸው ወረደ፣ ሰውነታቸው ኢንሱሊንን መስማት ጀመረ፣ የደም ግፊታቸውም ቀነሰ። የመጨረሻው ምግባቸው ስንት ሰዓት ላይ እንዲያልቅ ተወስኖ ነበር መሰላችሁ? ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት!

እዚህ ጋ ቆም በሉ። እነሱ በ9 ሰዓት ያቆማሉ። እኛ በ9 ሰዓት እንጀምራለን።

ወደ ሴቶቹ ስንመጣ፣ በ2013 በእስራኤል የዳንዬላ ያኩቦቪች ቡድን ቀጫጭን የሆኑና ፒሲኦኤስ ያለባቸውን 60 ሴቶች ለሁለት ከፈለ። ሁለቱም ወገን በቀን 1800 ያህል ካሎሪ ይበላል። አንዱ ወገን ትልቁን ድርሻ፣ 980 ካሎሪ፣ ለቁርስ፤ ሌላው ያንኑ ለራት። ከ90 ቀን በኋላ ቁርስ ያከበዱት ኢንሱሊናቸውና ቴስቶስትሮናቸው ወረደ፣ እንቁላል መውጣቱም በረከተ። ራት ያከበዱት ላይ ይህ አልታየም። ያው ምግብ፣ ያው መጠን፤ የተለየው ሰዓቱ ነው።

በ2021 ደግሞ ቻይና ውስጥ፣ እንቁላላቸው በአግባቡ የማይወጣ ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች ለአምስት ሳምንት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ እንዲበሉ ተደረገ። ከጨረሱት 15 ሴቶች የ11ዱ የወር አበባ ዑደት ተሻሻለ፤ ክብደት፣ ኢንሱሊንና ቴስቶስትሮን ቀነሱ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ቡድንም አልነበረውም። ስለዚህ ተስፋ የሚሰጥ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። በ2022 ቻይና ውስጥ ከመጠን በላይ ውፍረት ባለባቸው 139 ሰዎች ላይ ለአንድ ዓመት የተደረገ ሙከራ ደግሞ፣ ካሎሪ ከቀነሱ በኋላ ሰዓት መገደቡ ክብደት በመቀነስ ረገድ ብዙ የጨመረው ነገር እንደሌለ አሳይቷል። የ2023ቱ ዓለም አቀፍ የፒሲኦኤስ መመሪያም አንዱን አመጋገብ ከሌላው አያስበልጥም፤ የምትዘልቁበትን ጤናማ አመጋገብ ያዙ ነው የሚለው። ሰዓት ተአምር አይሠራም።

ሁለት በሮች

ታዲያ የአክስቴ ልጅ ሒሳብ የት ላይ ተሳሳተ?

ወረቀት አውጥተን ቀኗን ጻፍነው። በጾም ቀን 9 ሰዓት ላይ ሥራ ቦታ ዳቦ በሻይ ትቀምሳለች፤ ሻዩ ስኳር በርከት ይላል። 12 ሰዓት ቤት ትገባለች። ዋናው ምግቧ፣ እንጀራ በሽሮ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። 5 ሰዓት ትተኛለች። ልክ ናት፣ ከ16 ሰዓት በላይ ባዶ ሆዷን ትቆያለች። ግን የቀኑ ትልቁ ምግብ ያረፈው ልትተኛ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው። ሰውነት ደግሞ ያንኑ ምግብ ማታ ሲቀበለው ስኳሩ ጠዋት ከሚሆነው በላይ ይወጣል። ቅዳሜና እሑድ ቁርስም አለ፣ ምሳም አለ፣ ያው የ4 ሰዓቱ ራትም አለ። ከፋሲካ በኋላ ሁሉም ነገር ይለወጣል።

ከዚያ አያታችንን ጠየቅናት፤ «ድሮ በሁዳዴ ውሎሽ እንዴት ነበር?» ሳቀች። «ምን ውሎ አለ፣ 9 ሰዓት ከቅዳሴ ስንወጣ እንበላለን። ከብቱ ሲገባ የቀረውን ቀመስ ነው። ከዚያማ ኩራዙ ጋዝ ይፈጃል፣ ብርዱ አለ፣ ማን ይቀመጣል? እንተኛለን።»

የመልሱ ቁልፍ እዚህ ጋ ነበር። የምግብ ቀን ሁለት በር አለው፤ መክፈቻና መዝጊያ። ሕጉ የወሰነው የመክፈቻውን በር ነው፦ እስከ 9 ሰዓት አትብላ። የመዝጊያውን በር ማንም አልጻፈውም፣ መጻፍም አላስፈለገውም። ጨለማው፣ ብርዱና የኩራዙ ጋዝ ይዘጉት ነበር። ያቺ የኮሶዬ ሴት ትልቁን ምግቧን 9 ሰዓት ላይ በልታ፣ ቢበዛ 2 ሰዓት ማታ ላይ ታበቃ ነበር፤ በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም፣ ዳገት ስትወጣ ትውላለች። ኤሌክትሪክ፣ ቴሌቪዥንና የከተማ ሥራ ሁለተኛውን በር ገነጠሉት። እኛ የወረስነው የመጀመሪያውን በር ብቻ ነው። «እናቶቻችን ድሮ ያውቁት ነበር» ስንል ይህን እንረሳለን።

ይህ ለረመዳንም ቢሆን በሌላ መልኩ ይሠራል። እዚያ በሩ ራሱ የሚከፈተው በምሽት ስለሆነ፣ ፒሲኦኤስ ያለባት እህት የ2018ቱን ወይም የ2021ዱን ውጤት ከራሷ ጾም መጠበቅ የለባትም። ጾም ሕክምና ካልሆነ ጾምነቱ አይቀንስም። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ልዩነት ይኸው ነው፤ ፍትሐ ነገሥት 9 ሰዓትን ያስቀመጠው ለነፍስ እንጂ ለኢንሱሊን አይደለም። በሥጋዊ ውጤቱ ብንገምተው እሱንም እንበድለዋለን፣ ሕመምተኛዋንም «በደንብ ስላልጾምሽ ነው» ብለን እንበድላለን። የአክስቴን ልጅ ሦስት ዓመት ያሳመማት ይኸው ነበር። ከሕመሙ ይልቅ «ምን አጥፍቼ ነው?» የሚለው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

እኛ በወረቀቱ ላይ የተስማማነው ይህ ነው። በጾም ቀን የመክፈቻው በር አይነካም። ግን ዋናው ምግብ ወደ 9 ሰዓት ይመጣል፤ ሽሮውና ምስሩ በምሳ ዕቃ ይያዛል፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦ ይቀራል። ማታ 1 ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል። ጾም ባልሆነ ቀን፣ ቅዳሜና እሑድም፣ ቁርስ በደንብ ይበላል፣ ራት ቀለል ብሎ ወደ ቀን ይጠጋል። ማታ ብሉ የሚል ሕግ በዚህ የጾም ሥርዓት የለም፤ ስለዚህ ይህን ለማድረግ ሃይማኖት መንካት አያስፈልግም።

ይህን ስታነቡ ሐኪም እንዳልሆንኩ አትርሱ። በተለይ የሚከተሉትን ልብ በሉ፦

- ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ የምታጠቡ ከሆነ፣ ወይም ኢንሱሊንና ስኳር የሚያወርዱ ክኒኖች የምትወስዱ ከሆነ፣ ሐኪም ሳታማክሩ የምግብ ሰዓት አትገድቡ። ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል።
- ከዚህ በፊት ምግብ እስከ መጥላት ወይም ሳይቆጣጠሩ እስከ መብላት የደረሰ ችግር ከነበረባችሁ ይህ መንገድ ለእናንተ አይደለም። ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች ላይ ይህ ችግር በዛ ብሎ ይታያል።
- የወር አበባ ከ90 ቀን በላይ ከቀረ «ጾሙ ያስተካክለው ይሆናል» ብላችሁ አትጠብቁ። የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን ሳይታጠብ መቆየቱ አደጋ አለው፤ ተመርመሩ።
- ለሕመምተኛ የጾም ሥርዓት ማቅለያ አለው። ሐኪማችሁ ያዘዘውን ይዛችሁ የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ።

ያን ቀን ማታ ኮሶዬ ላይ መብራት ጠፋ። ሦስታችን ምድጃው ዳር ተቀመጥን። አያታችን ሹክሹክታችንን ሰምታ ኖሯል፤ «ምንድን ነው ይኼ በሽታ?» አለች። የአክስቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረቻት፣ ጆሮው ስለከበደው አያትና ስለሚባንነው ሕፃን ጭምር። አያቴ ዝም ብላ ሰማችና፣ «ታዲያ ጥፋቱ ያንቺ አይደለማ» አለች።

2 ሰዓት ሳይሞላ ተኛን።